ከምጣዱ ዳር፦ በክረምት የዳቦ ቅርፊት ለምን ይላቁጣል?

ጣና ዳር የሚኖር ሰው ክረምት መግባቱን ከቤቱ ዕቃ ያውቀዋል። ታጥቦ የተሰጣ ነጠላ ሁለት ቀን ሙሉ አልደርቅ ይላል፤ ጨው ዕቃው ውስጥ እንዳለ ይረጥባል፤ አልጋ ሥር የተቀመጠ የቆዳ ጫማ ሻጋታ ያበቅላል። ከዚያ ተራው የዳቦ ይሆናል። ከሰኔ መጨረሻ ወዲህ ለዚህ ዓምድ የደረሱኝን ደብዳቤዎች ሳገላብጥ አብዛኞቹ ስለ ዳቦ ቅርፊት የሚጠይቁ ሆነው አገኘኋቸው፤ ስለዚህ የዛሬውን ዓምድ በሙሉ ለእሱ ሰጥቼዋለሁ። ባሕር ዳር ውስጥ ዳቦ ስጋግር 23 ዓመት ሆኖኛል፤ ከዚህ ውስጥ 14ቱን ዓመት እየሸጥሁ ነው። ከዚህ የበለጠ ደስ እያለኝ የምመልሰው ጥያቄ የለም።

ጥያቄ፦ «እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሽምብጥ ነው። በሳምንት ሁለት ቀን በኦቨን ዳቦ እጋግራለሁ፤ ዱቄቱ ግማሹ ፉርኖ፣ ግማሹ ወፍጮ ቤት ያስፈጨሁት ስንዴ ነው። በበጋ ጠዋት የጋገርሁት ዳቦ እስከ ማታ ድረስ ቅርፊቱ ኮሽ እንዳለ ይቆይልኝ ነበር። አሁን ግን ገና ከቀትር በኋላ እንደ ጠፍር ይሳባል። እንዳይደርቅ ብዬ ትኩስ ሳለ ፌስታል ውስጥ ከትቼ አፉን አስራለሁ። ከዚህ ሌላ ምን ላድርግ?»

መልስ፦ እህቴ፣ ከዚህ ሌላ ከማድረግዎ በፊት ይህን ይተዉት። እርስዎ ከዳቦው ሁለት ነገር ይፈልጋሉ፤ ውስጡ እንዲለሰልስ፣ ውጪው እንዲደርቅ። ፌስታል የመጀመሪያውን ይሰጥዎታል፤ ሁለተኛውን ይነሣዎታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቅርፊቱ እሳቱን ፊት ለፊት ያገኘ ስለሆነ ውኃው ከሞላ ጎደል ተንኖለታል። ለስላሳው ውስጡ ግን ተጋግሮ ከወጣ በኋላም ከክብደቱ 40 በመቶ ያህሉ ውኃ ነው። ያ ውኃ አርፎ አይቀመጥም። ከመሀሉ ተነሥቶ ወደ ደረቁ ቅርፊት ይጓዛል። ቅርፊቱ ጋ ሲደርስ አየሩ ደረቅ ከሆነ አልፎ ይወጣል፤ መውጫ ካጣ እዚያው ይቀራል። ቅርፊቱ ላቆጠ የምንለው ያን ጊዜ ነው። በየካቲት የባሕር ዳር አየር ደረቅ ነውና ከዳቦው የሚወጣውን እርጥበት ሁሉ ይቀበላል። በሐምሌና በነሐሴ ዝናቡ ሲበረታ ግን አየሩ ራሱ ጠግቦ ይውላል፤ ከዳቦው መቀበል ቀርቶ ቅርፊቱ ከአየሩ ይጠጣል። ፌስታል ውስጥ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ሐምሌ ነው።

ይህን የተማርሁት ከፍዬበት ነው። ዳቦ መሸጥ በጀመርሁ በሁለተኛው ዓመት፣ በሐምሌ አንድ ማለዳ፣ ለአንድ ሆቴል 40 ዳቦ እንዳደርስ ታዝዤ ነበር። ዝናቡ ሌሊቱን ሙሉ ሲጥል አድሮ ገና አላባራም። ዳቦው እንዳይረጥብብኝ ብዬ ከኦቨን ባወጣሁት ቁጥር በትልልቅ ፌስታል እያሰርሁ በባጃጅ ላክሁት። እዚያ ደርሶ ሲፈታ የፌስታሉ ውስጥ ጠብታ በጠብታ ሆኗል፤ ቅርፊቱ በጣት ሲነካ እንደ ተቀቀለ ድንች ልጣጭ ይነሣል። ከዝናቡ አንዲት ጠብታ አልነካችውም፤ የራሰው በገዛ እንፋሎቱ ነው። 40ውም ተመልሶ መጣ፤ ለጎረቤትና ለሠራተኞች አከፋፈልሁት። ከዚያ ቀን ወዲህ ትኩስ ዳቦ አፍኜ አላውቅም፤ ሌላ ሰው ሲያፍን ሳይም ዝም ብዬ አላልፍም።

እንግዲህ ከማብረዱ ይጀምሩ። ዳቦው ከኦቨን ሲወጣ ጠረጴዛ ላይ ወይም ትሪ ላይ ካስቀመጡት ሥሩ ያልበዋል፤ ከላይ የደረቀው ቅርፊት ከሥር ይረጥባል። እኔ እስከ ዛሬ የምጠቀመው ትልቅ ወንፊት ገልብጬ ነው። ወንፊቱን በሁለት ጣሳ ላይ ከፍ አድርጌ ዳቦውን ከላዩ አስቀምጣለሁ፤ አየሩ ከሥር ገብቶ በላይ ይወጣል። አንድ ኪሎ የሚመዝን ዳቦ ቢያንስ 2 ሰዓት ይፈልጋል፤ በክረምት እኔ 3 ሰዓት እሰጠዋለሁ። መብረዱን የማረጋግጠው በእጄ አይደለም። የጋጋሪ እጅ ሙቀት ለምዷልና ለብ ያለውንም በርዷል ይላል። ዳቦውን አንሥቼ ሥሩን ከጉንጬ ጋር አገናኘዋለሁ፤ ጉንጭ ትንሽ ሙቀት ቢቀር እንኳ ይለያል።

ወንፊቱ ላይ እንዳለ ጆሮዎንም ጠጋ ያድርጉለት። በደንብ የበሰለ ዳቦ ሲበርድ ቅርፊቱ ይኮማተራል፤ ሲኮማተርም ጥቃቅን ስንጥቅ እያወጣ ጠቅ ጠቅ ይላል፤ ደረቅ ጭራሮ እሳት ሲነካው እንደሚያሰማው ዓይነት ቀጭን ድምፅ ነው። እኔ ይህ ድምፅ ሲሰማ ሥራዬን አቁሜ አዳምጣለሁ። ድምፁ ከሌለ ዳቦው ቶሎ ወጥቷል ማለት ነው። ብዙ ጊዜ የአቀማመጥ ችግር ነው የምንለው መነሻው አጋገሩ ላይ ነው። ቅርፊቱ ስስና ፈዛዛ ሆኖ የወጣ ዳቦ የትም ቢቀመጥ ከሰዓት በኋላ መላቆጡ አይቀርም። መልኩ የተቆላ ቡና መምሰል እስኪጀምር ይታገሡት፤ ከዚያ እሳቱን አጥፍተው የኦቨኑን በር በእንጨት ማንኪያ ገርበብ አድርገው ዳቦውን እዚያው 10 ደቂቃ ይተዉት። ያ የመጨረሻው 10 ደቂቃ ቅርፊቱን ያደርቀዋል። ሊጡ ውስጥ ወተት፣ ዘይት፣ ስኳር ወይም ማር ካለ ግን ከቅርፊቱ ብዙ አይጠብቁ፤ ወተትና ዘይት ያለሰልሱታል፣ ማርና ስኳር እርጥበት ይስባሉ። ኮሽታ የሚወድ ሰው ዱቄት፣ ውኃ፣ ጨውና እርሾ ይበቃዋል።

ከበረደ በኋላ የት ይቀመጥ? በመጀመሪያው ቀን የትም አይክተቱት። ቆርሰው የተከፈተውን ፊት ወደ ታች አድርገው የእንጨት መክተፊያ ላይ ያስቀምጡት። እንጨቱ የተቆረሰውን ፊት ከመድረቅ ይጠብቀዋል፤ ቅርፊቱ ደግሞ ከአየር ጋር ይገናኛል። ለዝንብ ስስ ጨርቅ ጣል ያድርጉበት። ማታ ወደ መሶብ ይግባ። መሶብ ከስንደዶና ከአክርማ ስለሚሰፋ ጥቂት በጥቂት ይተነፍሳል፤ ከሥሩ ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ያንጥፉለት። ክዳን ያለው የደንገል ቅርጫት ካለዎት እሱም ይሆናል፤ የካኪ ወረቀት ከረጢትም ይሆናል። ከእንጀራ ጋር በአንድ መሶብ አያስቀምጡት፤ እንጀራ ከዳቦ ይልቅ እርጥብ ነው፤ እርጥበቱንም ሽታውንም ይሰጠዋል።

ይህን ሁሉ አድርገውም ቢሆን በሐምሌ ወር፣ በባሕር ዳር፣ በማግሥቱ ጠዋት ቅርፊቱ እንደ ትናንቱ አይሆንም። ይህን ደብቄ ልመክርዎ አልፈልግም። ኮሽታ ተከማችቶ አይቆይም፤ ግን በእሳት ተመልሶ ይመጣል። የቅርፊቱን ላይ በእርጥብ እጅዎ ዳበስ አድርገው በ180 ወይም በ200 ዲግሪ የጋለ ኦቨን ውስጥ ከ8 እስከ 10 ደቂቃ ያስገቡት። ኦቨን ከሌለ ወይም መብራት ከጠፋ በከሰል የተጣደ ምጣድ ይበቃል፤ መጠነኛ እሳት ላይ ዳቦውን አስቀምጠው አክንባሎውን ለ5 ደቂቃ ይክደኑበት፤ ሙቀቱ ወደ ውስጥ ይገባል። ከዚያ አክንባሎውን አንሥተው 3 ደቂቃ ያህል እያገላበጡ ያድርቁት። አክንባሎውን ሳያነሡ ቢቀሩ ሞቆ የላቆጠ ዳቦ ነው የሚያገኙት። የሚሞቀው ደግሞ ለዚያ ቁርስ የሚበቃው ብቻ ይሁን፤ ሁለተኛ ጊዜ የሞቀ ዳቦ ከቀዘቀዘ ለመብላት ያስቸግራል።

ጥያቄ፦ «ከተጋባን 8 ወራችን ነው። ዘጌ፣ ከባለቤቴ እናት ጋር ነው የምንኖረው። እሳቸው ድፎ ዳቦ በኮባ ቅጠል ይደፉና ከምጣድ እንደወጣ በትኩሱ በጨርቅ ሁለት ሦስት ጊዜ ይጠቀልሉታል። እኔ ያደግሁት ቅርፊቱ ጠንከር ያለ ዳቦ እየበላሁ ነው። ልናገር ብል ቅር ይላቸዋል ብዬ እፈራለሁ። ከሁለታችን ትክክሉ የማን ነው?»

መልስ፦ ልጄ፣ መናገሩን ተዪው፤ አማትሽ አልተሳሳቱም። አንቺም አልተሳሳትሽም። የምትፈልጉት ዳቦ ነው የተለያየው።

ድፎ ዳቦ ከላይ እሳት ከታች እሳት ሆኖ የሚበስል የብዙ ሰው ዳቦ ነው። ለበዓል፣ ለዝክርና ለማኅበር ዋዜማውን ተደፍቶ በማግሥቱ ባርከው የሚቆርሱት ነው። ቅጠሉ ሊጡ ከምጣዱ እንዳይያያዝና ሥሩ እንዳይከስል ይጠብቀዋል፤ እንፋሎቱንም ይዞ ያቆያል። በትኩሱ ሲጠቀለል ደግሞ ከመሀል የሚወጣው እርጥበት በጨርቁ ታግቶ ቅርፊቱን ያለሰልሰዋል። በማግሥቱ ሲቆረስ አይፈረፈርም፤ ጥርስ የሌላቸው ሽማግሌም ሳይቸገሩ ይበሉታል። አማትሽ ቅርፊቱን የሚያለሰልሱት ሆን ብለው ነው። እናቴም እንዲሁ ነበረች፤ መጀመሪያ በነጠላ፣ ከላዩ በጋቢ ትጠቀልለዋለች። ልጆች ሳለን ያ ጋቢ ጥቁር አዝሙድ ጥቁር አዝሙድ እያለ ሳምንት ይቆይ ነበር፤ ማታ ለመልበስ እንሻማበት ነበር።

ስለዚህ ጥቅሉን አትንኪባቸው። ሊጡ ኩፍ ብሎ ሳይደፋ በፊት «እማማ፣ ለእኔ ከሊጡ አንድ እፍኝ ልውሰድ» በያቸው። ያቺን እፍኝ አድቦልቡለሽ፣ ትንሽ ዱቄት ነስንሰሽ፣ ያለ ቅጠል ድፎው ከወጣ በኋላ በጋለው ምጣድ ላይ ጋግሪያት። መጀመሪያ አክንባሎ ይከደንባት፤ እስክታብጥ እንፋሎቱ ይጠቅማታል። መሀል ላይ ገልብጫት፤ የመጨረሻውን ጊዜ ክዳኑን አንሥተሽ አድርቂያት። በጨርቅ አትጠቅልያት። ከድፎውም ቢሆን ለራስሽ የቆረስሽውን ቁራሽ በየፊቱ ሁለት ደቂቃ ምጣድ ላይ ብታደርጊው የምትወጂውን ታገኚዋለሽ። አማትሽም አንድ ቀን ከእሷ ቅመሱ ስትያቸው የሚሉሽን ጻፊልኝ፤ ከልቤ ማወቅ እፈልጋለሁ።

ጥያቄ፦ «ፔዳ ግቢ አካባቢ ቤት ተከራይቼ የምኖር ወጣት ነኝ። ዳቦ መጋገር የጀመርሁት በቅርቡ ነው። የምከተለው የውጭ አገር አሠራር የዳቦው መሀል 98 ዲግሪ ሲደርስ አውጣው ይላል። የእኔ ቴርሞሜትር ግን 94 አካባቢ ሲደርስ ቆሞ ይቀራል። ይድረስ ብዬ 20 ደቂቃ ስጨምር ቅርፊቱ ያርራል፤ በማግሥቱም ዳቦው ድንጋይ ነው። ቴርሞሜትሩን ልቀይር?»

መልስ፦ ልጄ፣ ገንዘብህን አታውጣ፤ ቴርሞሜትርህ እውነቱን ነው የነገረህ። ያንን አሠራር የጻፈው ሰው ለባሕር ወለል ቅርብ በሆነ አገር ይኖራል። አንተ ያለኸው ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ብለህ ነው። ከፍታ ሲጨምር የአየሩ ግፊት ይቀንሳል፤ ውኃም በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል። በባሕር ወለል በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውኃ እዚህ ጣና ዳር በ94 ገደማ ይፈላል። ካላመንኸኝ ቴርሞሜትሩን በሚንተከተክ ውኃ ውስጥ ንከረው።

የዳቦው መሀል እርጥብ እስከሆነ ድረስ ውኃ ከሚፈላበት ሙቀት እምብዛም አያልፍም። 98ን መጠበቅ ማለት መሀሉ እስኪደርቅ መጠበቅ ማለት ነው፤ አንተም ያደረግኸው ይህንኑ ነው። ቅርፊቱ ደረቅ ስለሆነ እንዲህ ያለ ገደብ የለበትም፤ ሙቀቱ እየጨመረ ሄዶ አረረ። እዚህ አገር 92 ሲደርስ አውጣው። ቴርሞሜትር በሌለበትም ዳቦውን ገልብጠህ ሥሩን በጣትህ መገጣጠሚያ አንኳኳው፤ የበሰለው እንደ ባዶ ቅል ያስተጋባል፣ ያልበሰለው ድፍን ያለ ድምፅ ይሰጣል። በነገራችን ላይ ግፊቱ ዝቅተኛ በመሆኑ ሊጥህም አሠራሩ ከሚለው ሰዓት ቀድሞ ኩፍ ይላል። ሰዓቱን ትተህ ሊጡን እያየህ ሥራ።

ጥያቄ፦ «ወንድሜ ደቅ ደሴት ነው የሚኖረው። ወደ ደሴቱ ለሚሄድ ሰው በጀልባ ዳቦ እሰድድለታለሁ። አንዳንዴ ጀልባው ቀን ይዘልላል። በክረምት ቅርፊቱ ርሶ፣ አንዳንዴም ሻግቶ ይደርሰዋል። እኔ የምፈልገው ኮሽ የሚል ዳቦ እንዲበላ ነው።»

መልስ፦ የሐይቁን ጉዞ አውቀዋለሁ። ጀልባው ላይ ዳቦውን የሚያገኘው ከላይ ዝናብ፣ ከጎን ፍንጣቂ፣ ከታች የእርጥብ ጣውላ ትነት ነው። ስለዚህ ሁለት ዓይነት ነገር ይላኩለት፤ አንዱ ለመጀመሪያዎቹ ቀናት፣ ሌላው ለሚቆየው።

ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ከትንንሽ ዳቦ ይልቅ አንድ ትልቅ ዳቦ ይጋግሩ፤ ትልቅ ዳቦ ቶሎ አይደርቅም። ቀድሞ ከቆየ ሊጥ በወሰዱት እርሾ ያቡኩት፤ የእርሾው ኮምጣጣነት ሻጋታን ያዘገየዋል። ማታ ጋግረው ሌሊቱን ወንፊት ላይ ያሳድሩት። ሳይቆርሱት በጥጥ ጨርቅ ጠቅልለው አገልግል ውስጥ ያስገቡት። የአገልግሉ ቆዳ ፍንጣቂውን ይመልሳል፤ ስፌቱ ውስጡን አያፍንም። ወንድምዎ እንደደረሰው ከአገልግሉ አውጥቶ፣ ሲፈልግ ቆርሶ፣ እሳት ዳር አድርቆ ይብላው።

ለሚቆየው ግን ሙሉ በሙሉ የደረቀ ዳቦ ይላኩለት። የአንድ ቀን ዕድሜ ያለውን ዳቦ በጣት ውፍረት ይቁረጡት፤ በ110 ዲግሪ ኦቨን ውስጥ ደርድረው አንድ ሰዓት ተኩል ያህል፣ መሀል ላይ አንድ ጊዜ እያገላበጡ ያድርቁት። አንዱን አውጥተው ሰብረው ይዩ፤ መሀሉ ለጣት ለስላሳ ከሆነ ገና ነው። ቀጭ ብሎ ሲሰበር ደርቋል። በደንብ ሲበርድ ክዳኑ ግጥም በሚል ቆርቆሮ ውስጥ ይክተቱት።

«ለሽምብጧ ሴት አታፍኚ ብለሽ ለእኔ ግጥም አድርጊው ትያለሽ?» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። አዎ፤ ይህን ለይቶ ማወቅ ከሁሉ ይበልጣል። ውስጡ እርጥብ የሆነ ዳቦ ሲዘጋበት ቅርፊቱን የሚያረጥበው የራሱ ውኃ ነው። እስከ መሀሉ የደረቀ ግን የሚሰጠው ውኃ የለውም፤ ጠላቱ ከውጪ የሚመጣው የሐይቁ አየር ነው። አንዱን ከራሱ ነው የምናድነው፣ ሌላውን ከአየሩ። ዳቦ ቆሎም በዚሁ ሥርዓት ነው ብዙ ጊዜ የሚቆየው።

ሻጋታ የታየበትን ዳቦ አረንጓዴውን ቆርጦ ሌላውን መብላት አይገባም። ከላይ የሚታየው አበባው ነው፤ ክሩ በለስላሳው ውስጥ ርቆ ይሄዳል። ለዶሮም አይሰጥ፤ የአንዳንድ ሻጋታ መርዝ ዶሮ ይገድላል።

ጥያቄ፦ «ዳቦ ፍሪጅ ውስጥ ማስቀመጥ ይቻላል?»

መልስ፦ ኮሽታውንም ለስላሳነቱንም የሚያጡት እዚያ ነው። ዳቦ ሲጋገር በዱቄቱ ውስጥ ያለው ስታርች ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፤ ሲበርድ ቀስ በቀስ ተመልሶ ይጠነክራል። ይህ መጠንከር ከሁሉ የሚፈጥነው በፍሪጅ ቅዝቃዜ ነው፤ ከጠረጴዛ ላይ ይልቅ እዚያ ቶሎ ያረጃል። ፍሪዘር ግን ሌላ ነው፤ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ እርጅናው ይቆማል ማለት ይቻላል። ፍጹም የበረደውን ዳቦ ቆራርጠው፣ አየር ሳይተዉ ጠቅልለው ያስገቡት፤ ሲያወጡ ከነጥቅሉ ይቅለጥ፣ ከዚያ ምጣድ ወይም ኦቨን ያግኘው። ከ60 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ የጠነከረው ስታርች እንደገና ይለቃል፤ የደረቀ የሚመስል ዳቦ ሲሞቅ የሚለሰልሰው ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ «ለቡሄ በየዓመቱ 30 ያህል ሙልሙል እጋግራለሁ። ጠዋት የጋገርሁት ማታ ልጆቹ ሲመጡ ላቁጦ ስሰጥ አፍራለሁ። ሥራ ስላለኝ ማታ 30 ሙልሙል መጋገር አልችልም።»

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ለመጨረሻ ያስቀመጥሁት ስለወደድሁት ነው። ጅራፉን እያጮኸ ጭቃ ረግጦ ለመጣ ልጅ ደህና ሙልሙል ለመስጠት የሚጨነቅ ሰው ገና አለና።

ቡሄ በክረምቱ እምብርት፣ ነሐሴ 13 ነው የሚውለው፤ አየሩ ለቅርፊት የሚከፋበት ጊዜ ነው። አንድ የሚያግዝዎት ነገር አለ፤ ጾመ ፍልሰታ ስለሆነ ሊጡ ወተትና ቅቤ የለበትም። ዘይቱንም ይተዉት።

ዋዜማውን ማለዳ ሙልሙሉን ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ይጋግሩት። 20 ደቂቃ የሚፈጅብዎት ከሆነ በ15ኛው ያውጡት። ቅርጹን ይዟል፣ ውስጡ ረግቷል፣ መልኩ ግን ገና ነጣ ያለ ነው፤ ከዚህ በፊት ካወጡት መሀሉ ይሰምጣል። ወንፊት ላይ ያብርዱት፤ ሲበርድ ጨርቅ አልብሰው መሶብ ውስጥ ይተዉት። ቅርፊቱ ቢለሰልስ አይዘኑ፤ ገና አልጨረሱትም። ማታ ኦቨኑን 220 ዲግሪ ላይ አግለው፣ ሙልሙሉን በእርጥብ እጅ ዳበስ አድርገው 10፣ 10 እያደረጉ ያስገቡት። በ7 ወይም በ8 ደቂቃ ቀልቶ ይወጣል። በምጣድ ከሆነ አክንባሎ ሳይከድኑ እያገላበጡ ያቅሉት።

ሁሉንም በአንድ ጊዜ አይጨርሱ። ልጆቹ ከጎረቤት በር ላይ ሲጨፍሩ ሲሰሙ የመጀመሪያዎቹን 10 ያስገቡ፤ እዚያ አመስግነው፣ ተቀብለው፣ ጭቃውን ተሻግረው እርስዎ በር እስኪደርሱ ሙልሙሉ ደርሶ ይጠብቃቸዋል። ሲሰጧቸው ግን ፌስታል ውስጥ አይክተቱላቸው፤ በእጃቸው ይያዙት፤ አብዛኛው ከግቢዎ ሳይወጣ ነው የሚያልቀው።